በጥርስ ወንበር ላይ ያየሁት ዝባዝንኬ አይደለም

ጁን 20 ቀን 1967
ካናል ጎዳና፣ ሄዝልክላፍ

ለሄዝልክላፍ ከተማ ምክር ቤት የመዝናኛና የመናፈሻ ኮሚቴ ሊቀ መንበር
ለተከበሩ ሚስተር ክላረንስ ዳክዎርዝ
ማዘጋጃ ቤት

ጉዳዩ፦ «ገና መድረሴ ነው» የተባለው ዘፈን ትርጉም የሌለው ነው ተብሎ የእህቴ ልጅ እንዲፈርምበት የተዘጋጀው ወረቀት እንዲሰረዝ፣ የማዘጋጃ ቤቱም አዳራሽ እንዲፈቀድለት ስለማመልከት፤

ክቡር ሊቀ መንበር ሆይ፣

1. እኔ አመልካች ሂልዳ ካርሾ የዚህች ከተማ ተወላጅ፣ ባለትዳርና የጥጥ ፋብሪካ ሠራተኛ ስሆን፣ ለምክር ቤቱ ከዚህ ቀደም የጻፍኩት አንድ ጊዜ ብቻ ነው። እሱም በመናፈሻው ኩሬ ዳር ሰው ስለምትነክሰው ዝይ ነበር። መልስ አላገኘሁም፤ ዝይዋም እስከ ዛሬ ሥራዋ ላይ ናት። ይህን የማነሣው ለወቀሳ ሳይሆን፣ በየምክንያቱ ብዕር የማነሣ ሴት አለመሆኔን ክቡርነትዎ እንዲያውቁልኝ ነው።

2. ራስል ግሪምሾ የሟች እህቴ ልጅ ሲሆን፣ ከሕፃንነቱ ጀምሮ ያሳደግኩት እኔ ነኝ። «ሐምራዊዎቹ ትራሞች» በሚባለው የሙዚቃ ቡድን ውስጥ ጊታር ይጫወታል፣ ይዘፍናልም። ፀጉሩ ረዝሟል፤ አውቃለሁ። ሸሚዙም የሳሎን መጋረጃ ይመስላል፤ የሚመስለውም መጋረጃ ስለነበረ ነው፤ የሰፋሁለት እኔ ነኝ። ቡድኑ ፋብሪካዎች ለዓመት ዕረፍት በሚዘጉበት ዋዜማ፣ አርብ ማታ፣ በማዘጋጃ ቤቱ አዳራሽ በሚደረገው ጭፈራ ላይ እንዲጫወት ተፈቅዶለት ነበር። በማግስቱ ከተማው ሁሉ ሻንጣውን አንጠልጥሎ ወደ ባሕር ዳርቻ ስለሚሄድ፣ በዚያች ምሽት ቤቱ የሚቀር ሰው እንደሌለ ክቡርነትዎ ያውቃሉ። ለአንድ የሄዝልክላፍ ልጅ ከዚህ የበለጠ መድረክ የለም።

3. ይሁን እንጂ ባለፈው ሳምንት ከኮሚቴው ደብዳቤ ደረሰን። ደብዳቤው «ገና መድረሴ ነው» የተባለው ዘፈን ወጣቱን አሲድ ወደሚባለው ቅዠት አምጪ መድኃኒት እንደሚጋብዝ ይገልጽና ሦስት ስንኞችን በማስረጃነት ያቀርባል። በመጨረሻም ራስል «ዘፈኑ ከእውነት ጋር ግንኙነት የሌለው፣ ማንም ምንም ያላየበት ዝባዝንኬ ነው» የሚል ወረቀት ላይ ከፈረመ አዳራሹ እንደሚፈቀድለት፣ ካልፈረመ ግን እንደሚከለከል ያስታውቃል። ልጁ ሊፈርም ነበር። ብዕሩን ከእጁ የነጠቅኩት እኔ ነኝ። አሁን የምጽፈውም በእሱ ብዕር ነው።

4. ክቡርነትዎ ዘፈኑ ስለ መድኃኒት አይደለም ብዬ የምከራከር መስሎዎት ከሆነ፣ አይደለም። ዘፈኑ ስለ መድኃኒት ነው። ከመጀመሪያው ስንኝ እስከ መጨረሻው ስለ መድኃኒት ነው። ነገር ግን መድኃኒቱን የወሰደው ራስል ሳይሆን እኔ ነኝ፤ የሰጠኝም ይኸው ምክር ቤት ነው። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ማለት ይህ ነው። በድፍረት ከተናገርኩ ይቅርታ እጠይቃለሁ፤ ግን አልሰርዘውም።

5. ነገሩ እንዲህ ነው። በ1949 እኔ ሙሽራ ነበርኩ። በእኛ ሰፈር ሴት ልጅ ስትዳር ጥርሷን ሙሉ በሙሉ አስነቅላ፣ ሰው ሠራሽ ጥርስ አስገብታ መዳር ደንብ እንደነበር ክቡርነትዎ አይስቱትም። ባሏ ወደፊት በጥርሷ ሰበብ ወጪ እንዳይገጥመው ከአባቷ የሚሰጥ የሠርግ ስጦታ ነው። በእኔ ጊዜ ሕክምናው በነጻ ሆኖ ስለነበር፣ አባቴ ለስጦታው በቆጠበው ገንዘብ ለራሱ ኮፍያ ገዛበት። በሠርጉ ፎቶግራፍ ላይ ከእኔ ይልቅ ኮፍያው አምሮበታል።

ጥርሴ ደህና ነበር። ይህንን ሳልናገር ማለፍ አልችልም። አንዱ ብቻ ትንሽ ጠቆር ያለ ነበር፤ የቀሩት ነጭና ጠንካራ ነበሩ፤ በእነሱ የፋብሪካ ክር እበጥስ ነበር። ማንም «ትፈልጊያለሽ ወይ?» ብሎ አልጠየቀኝም። እኔም እምቢ ማለት እንደሚቻል አላወቅኩም።

6. ሥራው የተሠራው በማዘጋጃ ቤቱ ምድር ቤት በነበረው የምክር ቤቱ ክሊኒክ፣ ዛሬ ተጣጣፊ ወንበሮች በሚቀመጡበት ክፍል፣ ልክ ከጭፈራው አዳራሽ ወለል በታች ነው። ሐኪሙ ሟቹ ሚስተር ፖምፍሬት ነበሩ። ጥቁር የጎማ መሸፈኛ አፍንጫዬ ላይ አድርገው፣ «በረጅሙ ተንፍሺ፣ የእኔ ልጅ፤ ስትነቂ አዲስ ሰው ነሽ» አሉኝ። የማደንዘዣው ጋዝ ትንሽ ጣፈጥ ይል ነበር።

7. አሁን ኮሚቴው በማስረጃነት ወደጠቀሳቸው ስንኞች እመጣለሁ።

የመጀመሪያው «ጣሪያው እንደ ድስት ክዳን ተነሣ» የሚለው ነው። ተነሥቷል። እኔ እዚያ ነበርኩ። የምድር ቤቱ ጣሪያ ቀስ ብሎ ከፍ አለ፤ እንፋሎት ወጣ፤ ከላይ አዳራሹ ታየኝ።

ሁለተኛው «ከላዬ ሲጨፍሩ የጫማቸውን ሶል አየሁ፤ ሁሉም በየቀለሙ ይዘፍናል» የሚለው ነው። ይህም እውነት ነው። ሰዓቱ ጠዋት ነበር፤ አዳራሹ ውስጥ ከጽዳት ሠራተኛዋ በቀር ማንም እንዳልነበረ በኋላ ተነግሮኛል። እኔ ግን መላው ከተማ ሲጨፍር ከታች ሆኜ አየሁት። የሞተችው እናቴ ጫማ ሰማያዊ ድምፅ ነበረው። የአባቴ ቡናማ ሆኖ ያንኮራፋ ነበር። የግድግዳው ሰዓት ቢጫ ጠብታ እያንጠባጠበ፣ እያንዳንዷ ጠብታ ስሜን ትጠራኝ ነበር። ከጣሪያው በላይ ደግሞ የፋብሪካው ጭስ ማውጫዎች እንደ ሁለት አሮጊቶች ተጠጋግተው ሲያወሩ ሰማኋቸው። ምን እንዳወሩ እስከ ዛሬ አውቃለሁ፤ ለኮሚቴው ግን አልናገርም። በሕይወቴ እንደዚያ የተደሰትኩበት ጊዜ የለም። ባለቤቴ ስታንሊ ይህንን ያውቃል፤ ቅር አይለውም።

ከዚያ ነቃሁ። አፌ ባዶ ነበር።

8. ከዚያች ቀን ወዲህ ጥርስ ባዳ ነው ሲባል ከሌላው ሰው የበለጠ ይገባኛል፤ የእኔው ሌት ሌት ብርጭቆ ውስጥ የሚያድር ባዳ ነው። ጠንካራ ከረሜላ መብላት ትቻለሁ። ፖም በቢላ ካልሆነ አልሞክርም። ስስቅ እጄን አፌ ላይ አደርጋለሁ። ለዚህ ሁሉ የተሰጠኝ ካሳ በዚያ ወንበር ላይ ያየሁት ነገር ብቻ ነው። ራስል ልጅ እያለ ማታ ማታ «አክስቴ፣ የወንበሩን ንገሪኝ» ይለኝ ነበር፤ እኔም እነግረው ነበር። ቋሚ ጥርሱን ሲያበቅል ማንም እንዳይነካበት ከለከልኩ። ሃያ አንድ ዓመት ሲሞላው የስታንሊ እናት «በስጦታ እናስነቅልለት» ብትል፣ እስከ ቤቴ በር ድረስ ሸኘኋት። ስለዚህ ልጁ አፉ ሙሉ ነው፤ ያየው ነገር ግን የለም። ለዘፈን የሚሆን ራእይ ከእኔ መዋስ ነበረበት።

9. እዚህ ላይ የልጁንም ጥፋት አልደብቅም። ከማንችስተር የመጣ የሙዚቃ ጋዜጠኛ «ወንድሜ፣ እስቲ እውነቱን ንገረኝ፤ ምን ወስደህ ነው እንዲህ ያለ ነገር ያየኸው?» ብሎ ሲጠይቀው፣ ራስል ፈገግ ብሎ ዝም አለ። «ለምን የአክስቴ ነው አላልክም?» ብዬ ስቆጣው ምን እንዳለኝ ያውቃሉ? «አክስቴ፣ ሌሎቹ ዘፋኞች እኮ ህንድ አገር ድረስ ሄደው ነው ያዩት። እኔ የአክስቴን ጥርስ ሲነቅሉ ልበል?» ዝም አይነቅዝም ይባላል፤ የእሱ ዝምታ ግን ነቀዘ። ጋዜጣው «ወጣቱ ስለወሰደው ነገር መናገር አልፈለገም» ብሎ ጻፈ፤ ከዚያ በኋላ ልጄ የሁሉም ሰው ጥርስ ውስጥ ገባ።

ፖሊስ መጥቶ የቡድኑን መኪና ፈተሸ። የተገኘው የሳል ከረሜላ፣ ግማሽ የአሳማ ሥጋ ኬክና እኔ የሠራሁለት የሱፍ ካናቴራ ነው። ይህ ልጅ መርፌ ሲያይ የሚወድቅ ልጅ ነው። የራስ ምታት ክኒን እንኳ የሚውጠው በጃም ደብቄ ስሰጠው ነው።

ከሊድስ ድረስ የመጡ ሁለት ወጣቶችም በሬን አንኳኩተው «እመቤቴ፣ ያ መድኃኒት እዚህ ነው አሉ የሚገኘው» አሉኝ። አስገብቼ ሻይና የዝንጅብል ኬክ አቀረብኩላቸው፣ ሙሉውን ታሪክ ነገርኳቸው። አንደኛው ዓይኑ እንባ አቀረረ። ሌላኛው ግን «ሐኪሙ ዛሬም ይሠራሉ?» ብሎ ጠየቀኝ። «ጥርስህን ይዘህ ወደ እናትህ ቤት ሂድ» አልኩት። ወጣቱን ወደ መጥፎ ነገር የምጋብዝ ሴት እንዲህ ታደርጋለች?

10. አሁን ሦስተኛው ስንኝ ቀርቷል። ኮሚቴው «ከሁሉም የከፋው፣ ግልጽ ግብዣ» ያለው፣ የዘፈኑም ርእስ የሆነው፦ «አትቀስቅሱኝ፣ ገና መድረሴ ነው»።

ክቡር ሊቀ መንበር፣ ይህንን ያልኩት እኔ አይደለሁም። በዚያው ጠዋት፣ ከእኔ በኋላ፣ በዚያው ወንበር ላይ፣ በዚያው ጋዝ ሌላ ሙሽራ ገብታ ነበር። ያለችው እሷ ናት። እሷም የዛሬዋ ባለቤትዎ ወይዘሮ ፍሎረንስ ዳክዎርዝ ናቸው። ከዚህ በኋላ ፍሎሪ እያልኩ ብጠራት አይቀየሙኝ፤ በአንድ ባልዲ ላይ አብረው ደም የተፉ ሰዎች አንቱ መባባል አይሆንላቸውም።

11. ፍሎሪ ያየችው ከእኔ ይለያል። እሷ የነበረችው በፋብሪካው ውስጥ ነው። የሽመና መኪናዎቹ ሁሉ ዝም ብለዋል፤ ከእያንዳንዱ ሞቅ ያለ አረንጓዴ ውሃ ይፈስሳል። ክሮቹ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ተወጥረው እሷ በባዶ እግሯ በላያቸው ትሄዳለች። በረገጠችው ቁጥር ክሩ ይዘፍናል። በሩቅ አንድ ሰው ስም ይጠራል፤ ስሙ የእሷ አይደለም፤ ግን እሷን እንደሆነ ታውቃለች። ልትደርስ ስትል ሚስተር ፖምፍሬት ጉንጯን መታ መታ አደረጓት። ያን ጊዜ ነው ደም በሞላው አፏ «አትቀስቅሱኝ፣ ገና መድረሴ ነው» ያለችው። ኮሪደር ውስጥ ሆኜ ሰምቻታለሁ። እሳቸውም «ደርሰሻል፤ አሁን ትፊ» አሏት።

ከዚያ ኮሪደሩ ውስጥ ባለው አግዳሚ ወንበር ላይ ጎን ለጎን ተቀመጥን። በጥርስ አልባ አፋችን ያየነውን ተነጋገርን። ማንም ሌላ ሰው ቢሰማን ቃል አይገባውም ነበር፤ እኛ ግን ሁሉም ገባን። ሳቅን፤ እሷ አለቀሰችም። ለምን እንደምታለቅስ ስጠይቃት «ስለመለሱኝ» አለችኝ።

እርስዎ ውጭ ብስክሌትዎን ይዘው ይጠብቋት ነበር፤ አስታውሳለሁ፤ ዝናብ ነበር፤ ኮትዎን አውልቀው አለበሷት። መልካም ሰው መሆንዎን ያን ጊዜም አውቄያለሁ። «ጨረስሽ?» አሏት። እሷም ሻርፗን አፏ ላይ ይዛ ራሷን በአዎንታ ነቀነቀች። ነገሩ በዚያው ቀረ።

12. ይህንን ለመጻፍ ፍሎሪን አስፈቅጃታለሁ። «ጻፊው» አለችኝ። «እኔ ልነግረው ብሞክር ጋዜጣውን ከፊቱ አያነሣም። በምክር ቤት በኩል በደብዳቤ ከመጣለት ግን ቁጭ ብሎ ያነባል። ስንት ዓመት አብረን ስንኖር ምን አየሽ ብሎ ጠይቆኝ አያውቅም፤ እኔም አላየሁም ማለት ጀምሬ ነበር።» ከዚያ ራስል ዘፈኑን ወጥ ቤቴ ውስጥ ሲለማመድ ከመስኮቱ ሥር ቆማ እንደሰማች ነገረችኝ። የገበያ ዘንቢሏን እንደያዘች ቆማ፣ ዘፈኑ እስኪያልቅ አልሄደችም።

ያላዩት አገር አይናፍቅም ይባላል። እኛ ግን አይተነዋል፤ ስለዚህ ይናፍቀናል። ይህች ሴት የኮሚቴዎ ደብዳቤ በቤቷ የጽሕፈት ጠረጴዛ ላይ ሲጻፍ ሻይ ታቀርብ ነበር። «ማንም ምንም ያላየበት ዝባዝንኬ» የሚለው ቃል ሲመረጥ የሻይ ስኒውን ይዛ አጠገብዎ ቆማ ነበር። ይህ በእውነት አሳዝኖኛል።

13. ባለቤቴ ስታንሊ ይህን ማመልከቻ በትከሻዬ ላይ አጮልቆ አነበበና «አንቺ ሴትዮ፣ ለምክር ቤት ስለ ጥርስ ይጻፋል እንዴ?» አለኝ። «ስለ መንገድ ጉድጓድ ይጻፍ የለም እንዴ? ይሄም ጉድጓድ ነው፤ ያስቆፈረውም ምክር ቤት ነው» አልኩት። እሱም «እንግዲያው ስለ ዝይዋም ጨምሪበት» አለ። ጨምሬያለሁ፤ ተራ ቁጥር አንድን ይመልከቱ።

14. ስለዚህ ክቡርነትዎን በትሕትና የምለምነው የሚከተለውን ነው። ራስል እንዲፈርምበት የተዘጋጀው ወረቀት ይሰረዝ። ያ ወረቀት ከተፈረመ እኔ ደህና ጥርሴን የሰጠሁት በከንቱ ሆነ ማለት ነው፤ ይህንን ደግሞ በዚህ ዕድሜዬ ልሸከመው አልችልም። ኮሚቴው ከፈለገ በምትኩ እኔ እፈርማለሁ፤ «ዘፈኑ እውነት ነው፤ ያየሁትም በምክር ቤቱ ምድር ቤት፣ በምክር ቤቱ ጋዝ፣ በምክር ቤቱ ሐኪም እጅ ነው» ብዬ። አዳራሹም ይፈቀድ። ልጁ ዘፈኑን የሚዘፍነው እኔ ከታች ሆኜ ባየሁት ወለል ላይ ነው፤ ሌላ ቦታ ቢዘፍነው አንድ ዓይነት አይሆንም። መድኃኒትን በተመለከተ ኮሚቴው ለወጣቱ ማስጠንቀቂያ ማሰማት ከፈለገ፣ እኔ ራሴ መድረክ ላይ ወጥቼ ጥርሴን አውልቄ አሳያለሁ። ከዚህ የሚበልጥ ማስጠንቀቂያ አይገኝም።

የመጨረሻው ልመናዬ ለኮሚቴው ሳይሆን ለእርስዎ ነው። ኮሚቴው ሐሙስ ከመሰብሰቡ በፊት ባለቤትዎን ያን ቀን ምን እንዳየች ይጠይቋት። ስትመልስልዎትም አያቋርጧት። የሚጠበቀው ይህ ብቻ ነው፤ አዳራሹ ቢከለከል እንኳ ይህን ካደረጉ አቤቱታዬ ግማሽ መልስ እንዳገኘ እቆጥረዋለሁ።

ጥርሴን አድርጌ፣ ከአክብሮትና ከሰላምታ ጋር

(ፊርማ)
ሂልዳ ካርሾ

ከላይ የተጻፈው ሁሉ እውነት መሆኑን በፊርማዬ አረጋግጣለሁ። ውሃው ግን አረንጓዴ ብቻ አልነበረም፤ ሂልዳ ረስታዋለች።

(ፊርማ)
ፍሎረንስ ዳክዎርዝ፣ ምስክር

ክላረንስ፣ እራትህ ምድጃው ውስጥ ነው። እኔ ሂልዳ ቤት ነኝ። ብላና መጥተህ ጠይቀኝ።